የዛጉ የድልድይ ቡሎኖችን ለመቀየር መዋጮ፦ ስንት፣ ከማን፣ ለምን ዓይነት ቡሎን?

የወረባቦዋ (ጠያቂ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም።

ወረባቦ ውስጥ ከሚሌ ገባሮች በአንዱ ላይ የተዘረጋ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ አለን። ርዝመቱ 48 ሜትር፣ የወለሉ ስፋት 1 ሜትር ነው። ወለሉ የባህር ዛፍ ሳንቃ ሲሆን በየሜትሩ በተጋደሙ 47 መስቀለኛ ብረቶች ላይ ታስሯል። መስቀለኛ ብረቶቹን ከማንጠልጠያው ጋር የሚያገናኙት በየጫፉ ሁለት ሁለት የ12 (12 ሚሊ ውፍረት ያላቸው) ቡሎኖች ናቸው። ሳንቃውን የያዙት የ10 ቡሎኖች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ብረት ላይ አምስት አምስት። ገመዱ በዓይን ሲታይ ደህና ነው። ቡሎኖቹ ግን በተለይ በሁለቱ ጫፎችና መሃል ላይ ቅርፊት እየጣሉ ነው፤ የአንዳንዱ ዳዶ ጠርዙ ተበልቶ መፍቻ አይዝም።

ሦስት ቅሬዎች (እድሮች) ተነጋግረው መዋጮ ይሰብሰብ ተብሏል። አባላቱ በጠቅላላው 240 አባወራ ናቸው። እኔ የአንዱ ቅሬ ጸሐፊ ስለሆንኩ መዝገቡ በእኔ እጅ ነው። ሐሳቡ ግን ተለያይቷል። አንዱ አይዝጌ ብረት ካልሆነ ገንዘባችን ይባክናል ይላል፤ ሌላው አንቲረስት (ጸረ ዝገት ቀለም) ቀብተን እንለፈው ይላል፤ ከዓረብ አገር ያሉት ልጆቻችን ደግሞ «ስንት እንላክ?» ብለው እየጠየቁ ነው፣ መልስ የለንም። በዱቤ ተጀምሮ መሃል ላይ የሚቆም ሥራ አንፈልግም። የምታውቁ አስረዱን፦ መጠኑ እንዴት ይሰላል፣ ምን ዓይነት ቡሎን ይገዛ፣ ሥራውስ እንዴት ይሠራ?

የኮምቦልቻው ብረት ሠሪ

ወ አለይኩሙ ሰላም እህቴ፣ አብሽሪ። ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት ቆጠራና ልኬት ይቅደም። «ለድልድዩ» ተብሎ የሚጠየቅ ብር መጨረሻ የለውም፤ «ለ188 የ12 ቡሎን እና ለ235 የ10 ቡሎን» ተብሎ የሚጠየቅ ግን ይለካል፣ ይመረመራል።

ከመጀመሪያው፣ ከመካከለኛውና ከመጨረሻው ክፍል ሁለት ሁለት የ12 ቡሎን ለናሙና አስወጡ። ውጭ የሚታየው ዝገት አያታላችሁ፤ ቡሎን የሚበላው ብረት ከብረት በተጣበቀበት፣ ውሃው ገብቶ በማይደርቅበት በአንገቱ ላይ ነው። በሽቦ ብሩሽ ጥረጉና በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ለኩት። ጥርስ በሌለበት ቦታ 12 ሚሊ የነበረው 11 ከሆነ ከጉልበቱ 84 በመቶ ቀርቶታል። 10 ከሆነ 69 በመቶ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ጉልበቱ የሚሄደው በዲያሜትሩ ሳይሆን በስፋቱ ነው። ከስድስቱ አንዱ እንኳ 11 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አንድ በአንድ እየመረጡ መቀየር ድካም ነው፤ ሁሉንም ቀይሩ። ሥራው የሚከብደው ወደ ቡሎኑ መድረሱ እንጂ ቡሎኑ ራሱ አይደለም።

አሁን ስለ ዓይነቱ። ራሱ ላይ 8.8 የሚል ጽሑፍ (የጥንካሬ ደረጃው ነው) እና የአምራች ምልክት ያለው ግዙ፣ ዳዶው ላይም 8 የሚል ይኑር። ምንም ያልተጻፈበትን ቡሎን ለአጥር በር እንጂ ለድልድይ አልመክርም። 8.8 ማለት የ12ቱ ቡሎን ከመበጠሱ በፊት ወደ 67 ኪሎ ኒውተን ይሸከማል ማለት ነው፤ ለእናንተ ከበቂ በላይ ነው። 10.9 ይሻላል የሚል ነጋዴ ቢመጣ አመስግናችሁ እለፉ፤ በጣም የጠነከረ ብረት በዚንክ ከመነከሩ በፊት በአሲድ ሲታጠብ ሃይድሮጅን ገብቶበት ሊሰባበር ይችላል።

ዋናው ነገር ሽፋኑ ነው። ሱቅ ላይ የሚያብረቀርቀው ነጭ ወይም ቢጫ ቡሎን በኤሌክትሪክ የተቀባ ሲሆን የዚንኩ ውፍረት ከ5 እስከ 8 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ነው። በቀለጠ ዚንክ የተነከረው (ነጋዴዎቹ ሆት ዲፕ የሚሉት) ደብዛዛ ግራጫና ሻካራ ሲሆን ውፍረቱ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። ዚንክ የሚያልቀው በውፍረቱ ልክ ስለሆነ ዕድሜያቸው በዚያው መጠን ይራራቃል። የሚያብረቀርቀውን ገዝታችሁ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ ሰው ያንኑ መዋጮ ስትጠይቁት ፊቱን ታዩታላችሁ።

የተነከረ ቡሎን ዳዶው አብሮት መምጣት አለበት። ሽፋኑ ወፍራም ስለሆነ ጥርሱ ሰፋ ተደርጎ የተወጣ ዳዶ ይፈልጋል። ተራ ዳዶ አልገባ ሲል «በጥርስ ማውጫ የቡሎኑን ጥርስ እንደገና እናውጣለት» የሚል ይመጣል፤ ያ ማለት የከፈላችሁበትን ዚንክ ጠርጎ መጣል ነው።

የርዝመቱ ስሌት እንዲህ ነው፦ የሚያያዙት ብረቶች ውፍረት 20 ሚሊ ከሆነ፣ ሁለት ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር የሚገባው ቀለበት) 5፣ ሁለት ዳዶ 22፣ ከዳዶው የሚተርፈው ጥርስ 5፣ ድምሩ 52። ስለዚህ የ55 ወይም የ60 ቡሎን። ለ12ቱ ድርብ ዳዶ አድርጉ፤ እየተወዛወዘ የሚኖር ነገር ላይ ነጠላ ዳዶ ይፈታል።

ለመሰበርና ለመጥፋት 10 በመቶ ጨምራችሁ ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦ የ12 ቡሎን 210፣ ዳዶ 420፣ ሮንዴላ 420። የ10 ቡሎን 260፤ ይኸኛው እግር እንዳያደናቅፍ ራሱ ክብና ለስላሳ የሆነው ዓይነት ይሁን፤ ዳዶ 260፣ ሰፊ ሮንዴላ 260። የ12ቱ ሙሉ ዕቃ ከ25 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ ማዳበሪያ ጆንያ አውቶቡስ ላይ ይጫናል። ለማጓጓዣ ብላችሁ መኪና እንዳትከራዩ።

ባለመዝገቡ (ሐይቅ)

ጋሼ ያሉት ዝርዝር ካለ የመዋጮው ሥራ ግማሹ አልቋል። ቀሪውን ልንገርሽ፣ እህቴ።

ሦስት የተለያዩ ነጋዴዎች ዘንድ ያንኑ ዝርዝር ይዛችሁ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አስወጡ። ቫት 15 በመቶ ተካቶ ይጻፍ፤ «ያለ ደረሰኝ እቀንስላችኋለሁ» የሚለውን አትቀበሉ። የሕዝብ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ከወጣ በኋላ እውነተኛውም ሰው ሌባ ይባላል። ፕሮፎርማው ለስንት ቀን እንደሚጸና ጠይቁ። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ከውጭ የሚገባ ብረት ዋጋው አይረጋም፤ ነጋዴው ለአጭር ቀን ብቻ ቢፈርም አትቀየሙ፤ ይልቅ ገንዘቡ ሞልቶ ባንክ ሲገባ የመጨረሻውን ፕሮፎርማ እንደገና አስወጡ። ለዚህ ልዩነት ከጠቅላላው 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ።

ክፍፍሉ ላይ 240ን በቀጥታ አታካፍሉ። አቅመ ደካማ፣ ያለ ጧሪ የቀሩ አዛውንት፣ የቤት ራስ የሆኑ ሴቶች ከነልጆቻቸው በቅሬው ውሳኔ ይቀነሱ። 30 ቤት ቢቀነስ 210 ይቀራል። ለማስላት እንዲቀል ጠቅላላ ወጪው 210,000 ብር ቢሆን ለአንድ ቤት 1,000 ብር ይመጣል ማለት ነው (ቁጥሩ ምሳሌ ነው፤ የእናንተን ፕሮፎርማው ይነግራችኋል)። ያንን በሁለት ጊዜ ተቀበሉ፦ ግማሹን አዝመራ ገብቶ እህል ሲሸጥ፣ ግማሹን ከወር በኋላ። የተቀነሱት ቤቶች ስማቸው በስብሰባ አይነበብ፤ ሸንጎው አውቆት ይለፍ።

ከአባወራው በፊት ግን ድልድዩን ለንግድ የሚጠቀሙትን ጠይቁ። በአህያ ጨው፣ እህልና ጫት የሚያሻግሩ ነጋዴዎች ከአንድ ገበሬ ይበልጥ ይመላለሱበታል፤ ለእነሱ ከፍ ያለ መዋጮ መመደብ ግፍ አይደለም። አስታራቂ ሽማግሌዎቹ አባ ጋሮችና የሃይማኖት አባቶች ይነጋገሯቸው፣ ጸሐፊ አትላኩ። ነጋዴ በደብዳቤ አይከፍልም፤ በሽማግሌ ፊት ግን አሻፈረኝ ማለት ይከብደዋል።

ጉልበት የሚሰጠው በጅጌ (በደቦ) ነው። ሳንቃ ማንሳት፣ መጥረግ፣ ዕቃ ማቀበል፣ ምግብ ማዘጋጀት ለየቤቱ ይደልደል። ቡሎን የሚፈታና የሚያጠብቅ ግን ጅጌ አይደለም፤ እነዚያ ከአራት እስከ ስድስት የተመረጡ ሰዎች ናቸው፣ ቀን አበላቸው በበጀቱ ይካተት። ቅሬው ላልመጣ ሰው ያለውን ቅጣት እዚህም ሥራ ላይ አውሉት፤ ቅጣቱም ወደዚሁ ሒሳብ ይግባ።

ሒሳቡ በሦስቱ ቅሬዎች ኮሚቴ ስም፣ በቀበሌው ደብዳቤ፣ በሦስት ፈራሚ ይከፈት፤ ከየቅሬው አንድ አንድ ሰው፣ ብር ለማውጣት ሦስቱም ይፈርሙ። ቴሌብር በአንድ ሰው ስልክ ላይ አታሰባስቡ። የግድ ከሆነ በዚያው ምሽት ወደ ባንኩ ይዛወር። ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ያለው ባለ ካርቦን ይሁን፣ ገንዘብ ቆጣሪው ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይሁን። በየሳምንቱ የገባው ድምር በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይለጠፍ።

ከዓረብ አገር ስላሉት ልጆች፦ በየግል ስልካቸው አትለምኑ። ብዙዎቹ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዛቸው ላይ ወንድም፣ አባት፣ የአጎት ልጅ ሁሉ ይጠብቃል። አንድ ድምፅ ይበቃል፦ በካሊፐር የተለካው የተበላ ቡሎን ፎቶ፣ ዝርዝሩ፣ ፕሮፎርማው፣ የባንክ ሒሳቡ። «አንቺ ለአሥር ቡሎን፣ እሷ ለሃያ» ብሎ በቡሎን መቁጠር ስለሚቀል የምትችለውን ትመርጣለች። ማን ስንት እንደላከ ያለ ፈቃዷ አትለጥፉ፤ እዚህ የሚጎረብጥ ዘመድ አለ። በውጭ ድረ ገጾች መሰብሰብ የሚሉትን ነገር ካሰባችሁ ጎፈንድሚ ለኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ አይከፍልም፤ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ታማኝ ሰው በራሱ ስም ከፍቶ በባንክ ይልክላችኋል እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከሥራው የሚተርፈውን ገንዘብ አትመልሱ፣ አታከፋፍሉ። ለዓመታዊ ማጥበቂያ ተቀምጦ ይቆይ።

ገደል ወጪ

ስለ አይዝጌ ብረት የተነሳውን ክርክር ከሌላ አቅጣጫ ልግባበት፤ ድልድይ ሠሪ አይደለሁም፣ ግን ቡሎን ላይ ሕይወትን ማንጠልጠል ምን እንደሆነ የድንጋይ አቀበት ወጪዎች በደንብ ያውቁታል።

ታይላንድ ውስጥ ራይሌይና ቶንሳይ በሚባሉ የባሕር ዳር ገደሎች ላይ በመጀመሪያ አይዝጌ ቡሎኖች ተተከሉ። አንዳንዶቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበጠሱ፤ ያውም ላያቸው ላይ ብዙም ዝገት ሳይታይባቸው። ምክንያቱ የባሕር ጨው ክሎራይድ፣ ሙቀትና ቡሎኑ ውስጥ የተወጠረ ኃይል ሲገናኙ አይዝጌውን ከውስጥ ስለሚሰነጥቁት ነው። 316 የሚባለው የአይዝጌ ዓይነትም 304 ከሚባለው ቢሻልም አላመለጠም። ስለዚህ አሁን በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ታይታኒየም በማጣበቂያ ይተከላል። ያ ታይታኒየም ከአይዝጌው ውድ ስለሆነ ገደል ወጪዎቹ መዋጮ ይሰበስባሉ። መዋጮውን የሚጠይቁት «ለገደሉ» ብለው አይደለም፤ ይህ መስመር አሥር ቡሎን አለው፣ የአንዱ ዋጋ ይህን ያህል ነው ብለው ነው። የወጣውንም ያረጀ ቡሎን ከእነ ስንጥቁ ለሰው ያሳያሉ። ከላይ ባለመዝገቡ የጻፈው የቡሎን ቁጥር ዘዴ ያው ነው።

ለእናንተ ትርጉሙ ምንድነው? ወረባቦ ባሕር የለም፤ ታይታኒየም የሚል ካለ ይተወው። ግን ጨው የለም ማለት አይደለም። የአፍዴራ ጨው በጆንያ ተጭኖ በአህያ ድልድዩን የሚያቋርጥ ከሆነ ሳንቃው ላይ የሚፈሰው ክሎራይድ ከባሕር የሚነፍሰው ዓይነት ነው። በዚያ ላይ የከብት ሽንት። የሽንት አሞኒያና ጨው ዚንክን ይበላሉ። ቡሎኖቹ በጫፎቹ አካባቢ ይበልጥ የሚዝጉት እንስሳቱ እዚያ ስለሚቆሙ፣ አፈርም እዚያ ስለሚከማች ይመስለኛል። መሃል ላይ ደግሞ ድልድዩ ዝቅ ስለሚል ውሃው ወደዚያ ይወርዳል።

አይዝጌ መግዛቱ የማይቀር ከሆነ ሁለት ነገር አስታውሱ። አይዝጌ ቡሎንና አይዝጌ ዳዶ ያለ ቅባት ሲጠብቁ ይነካከሱና ይጣበቃሉ፤ ከዚያ በመጋዝ ካልሆነ አይወጡም፣ ስለዚህ ጸረ መጣበቅ ቅባት ግድ ነው። ሁለተኛው፣ መስቀለኛ ብረቱ ዚንክ የተነከረ ከሆነ በአይዝጌው ዙሪያ ያለው ዚንክ ቶሎ ያልቃል። እኔ ብሆን የተነከረውን 8.8 እገዛ ነበር፣ ልዩነቱን በቅባትና በጽዳት እሞላዋለሁ።

ማንጠልጠያ (መሐንዲስ፣ ደሴ)

ከላይ ያሉት ጥሩ ሐሳቦች ናቸው። ስለ አሠራሩ ጥቂት ልጨምር፤ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና።

ወቅቱ ከታህሳስ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ይሁን። ከዚያ በፊት ውቂያ ነው፣ ሰው አታገኙም። ከዚያ በኋላ የበልግ ዝናብ ይመጣል፣ ረመዳንም በቅርብ ዓመታት ወደዚያው አካባቢ ስለሆነ የሰው ጉልበት ይቀንሳል። ወንዙ ዝቅ ያለበት ጊዜ ስለሆነም ሰዎች በእግር የሚሻገሩበት ሌላ መልካ ይኖራል። ድልድዩን መዝጋት ግዴታ ነው፤ በከፊል ክፍት የሚባል ድልድይ የለም።

ቡሎን ከመንካታችሁ በፊት ሁለቱን ጫፎች ሂዱና ገመዱ መልሕቁ ላይ የታሰረባቸውን ክላምፖች እዩ። ክላምፑ የዩ ቅርጽ ያለው ዘንግና ኮርቻ አለው። ኮርቻው ጭነት በሚሸከመው ረጅም ገመድ ላይ፣ ዩው በተመለሰው አጭር ጫፍ ላይ መሆን አለበት። የተገለበጠ ካለ ሥራው የእናንተ አይደለም፤ ወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ይጠራ። ለአንድ ኢንች ወይም ወደ 26 ሚሊ ለሚጠጋ ገመድ በየጫፉ አምስት ክላምፕ ይጠበቃል፣ ለ13 ሚሊ ሦስት፣ ለ19 ሚሊ አራት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የገመዱ ስድስት እጥፍ ያህል። ክላምፖቹ ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት እንጂ ተሰባሪ ቀልጦ የተፈሰሰ መሆን የለባቸውም። ገመዱ ላይ የተበጠሱ ክሮች፣ በክላምፑ ሥር ጉድጓድ የሠራ ዝገት ካያችሁ የቡሎን መዋጮውን አቁሙ፤ የገመድ ጥገና ገንዘብ ሌላ ነው፣ እውቀቱም ሌላ ነው። ክላምፕ ጭነት ላይ እያለ አትፍቱ፣ አታላሉ። ይህን ነገር ደግሜ አልናገርም።

ቡሎኖቹን ለመቀየር ደንቡ አንድ በአንድ ነው። በአንድ መስቀለኛ ብረት ላይ አንዱን አውጥተው፣ አዲሱን አስገብተው፣ አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ ነው ወደ ሁለተኛው የሚታለፈው። በሁለት ጎረቤት ብረቶች ላይ በአንድ ጊዜ የተፈታ ቡሎን አይኑር። ከአንደኛው ጫፍ ተነሥታችሁ ወደ ሌላኛው ሂዱ፣ ከሁለት ቦታ አትጀምሩ። በአንድ ጊዜ ድልድዩ ላይ ሦስት ሰው ብቻ ይኑር፣ ሁሉም ከእጅ መያዣ ገመዱ ሳይሆን ከተለየ የደኅንነት ገመድ ጋር በቀበቶ ይታሰሩ። መፍቻና ካሊፐር በሲባጎ ከእጅ ጋር ይታሰር፤ ወንዝ ውስጥ የወደቀ የ19 መፍቻ ቀኑን ያስቆማል። የ12 ቡሎን አብዛኛውን ጊዜ የ19 መፍቻ ነው፣ በአዲሱ ስታንዳርድ የ18፤ የ10ሩ የ17 ወይም የ16። ሁለቱንም ያዙ።

የተጣበቀውን ዳዶ ከአንድ ቀን በፊት ጠርጋችሁ ናፍጣና ዘይት ቅይጥ አጠጡት፣ ምሽቱን ይደር። ካልወጣ በብረት መጋዝ ይቆረጥ። ግራይንደር ገመድ አጠገብ አይነሣ፤ ፍንጣሪውና ግለቱ የገመዱን ክር ያበላሻል። ብየዳ ደግሞ ፈጽሞ። ብየዳው የኤሌክትሪክ ጅረቱን በገመዱ በኩል ሊመልሰው ይችላል፣ ክሮቹ ተቃጥለው ሳይታዩ ይዳከማሉ። የ8.8 ቡሎን በሙቀት የተጠናከረ ስለሆነ ከተበየደ ጥንካሬው ይሄዳል፣ ዚንኩም ይቃጠላል።

የማጥበቂያው መጠን፦ ለ12ቱ ብረት በብረት 80 ኒውተን ሜትር ያህል። ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ከሌለ 30 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፉ ላይ 27 ኪሎ ክብደት ያህል መሳብ ነው፤ በሚዛን መንጠቆ ሰቅላችሁ አንድ ጊዜ ብትሞክሩት እጅ ይለምደዋል። ሁለተኛውን ዳዶ ከመጀመሪያው ጋር ተቃራኒ አቅጣጫ በሁለት መፍቻ ቆልፉት። ለሳንቃው ግን ኃይል አይደለም የሚፈለገው፤ ሰፊው ሮንዴላ እንጨቱን መንከስ ሲጀምር አቁሙ፣ ካልሆነ ሳንቃው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ውሃ ይይዛል። አዲስ የገባ ሳንቃ ካለ እርጥብ ባህር ዛፍ አይሁን፤ ሲደርቅ ይጠብባል፣ ዳዶው ይላላል፣ የእርጥብ እንጨት አሲድም ዚንኩን ይበላል። በመዳብ መድኃኒት የተነከረ እንጨትም እንዲሁ ለዚንክ መጥፎ ነው። በሳንቃዎቹ መካከል 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ እበቱና አፈሩ በዚያ ይውረድ።

የወረባቦዋ

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለሁላችሁም። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንቲረስት ቀብቶ ማለፍ የሚሉት ሰዎች ብዙ ስለሆኑ በምን ላሳምናቸው? ሌላው የስርቆት ነገር ነው፤ ከዚህ በፊት የውሃ ፓምፕ ቡሎን ተፈትቶ ለቁራሌው ተሸጧል።

የኮምቦልቻው ብረት ሠሪ

አንቲረስቱን በተመለከተ፣ ቀለሙ የሚደርሰው ብሩሽ የሚደርስበት ቦታ ነው። ቡሎኑ የሚበላው ብሩሽ በማይደርስበት አንገቱ ላይ ነው። ይባስ ብሎ በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም እርጥበቱን ከውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ክርክሩን በወሬ አታሸንፉትም፤ ስድስቱን ናሙና ቡሎኖች በሽቦ ብሩሽ ጥረጊና በስብሰባው መሃል ከአዲስ ቡሎን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪ። ሰዎቹ በእጃቸው ይያዙት። አንቲረስትና ቀለም የሚጠቅመው ለመስቀለኛ ብረቱ ነው፣ ዝገቱ ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ። ለተነከረው ቡሎን ግን በመፍቻ የተፋቀውን ራሱን ብቻ ዚንክ በበዛበት ቀለም ንኩት።

ስርቆቱ የሚያሳስብ ነው። አይዝጌ ብረት ከተራው ይልቅ በውድ ስለሚሸጥ የሌባ ዓይን ያርፍበታል፤ ይህም ለተነከረው አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው። ለድርብ ዳዶው ሁለት መፍቻ ስለሚያስፈልግ በቸኮለ እጅ አይፈታም። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በየአምስተኛው ብረት ላይ አንዱን ቡሎን ከዳዶው በተረፈው ጥርስ ላይ በመዶሻ ጥቂት ደብድቡና የተላጠውን በዚንክ ቀለም ሸፍኑ። ሁሉንም ግን አይደለም፤ ስታጠብቁት ትቸገራላችሁ። ከተሠራ ከአንድ ወር በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ ክረምት ከወጣ በኋላ ማጥበቅ አይቀርም።

ባለመዝገቡ (ሐይቅ)

ለቁራሌዎቹ ከአሁኑ ንገሯቸው፤ ከቀበሌው ጋር አብራችሁ፦ ከዚህ ድልድይ ቡሎን የሚገዛ ይጠየቃል። አሮጌዎቹን ቡሎኖች ደግሞ ለዓይን ምስክር ይሁን ብላችሁ ጥቂቱን አስቀምጡ፣ ቀሪውን በኪሎ ሸጣችሁ በዚያው ሒሳብ አስገቡ፤ በደረሰኝ።

ገደል ወጪ

የጨው ጆንያ ነገር፦ ነጋዴዎቹ ከፍ ያለ መዋጮ ሲከፍሉ አብራችሁ አንድ ደንብ አስፈርሟቸው፦ የተቀደደ ጆንያ ድልድዩ ላይ አይወጣም፣ አህያ ድልድዩ ላይ አይቆምም። ከገበያ ቀን ማግስት ጫፎቹ ላይ ያለውን እበትና ጨው መጥረግና ሁለት ጀሪካን ውሃ ማፍሰስ ለየቅሬው በተራ ይሁን። ክረምቱ ራሱ ያጥበዋል፤ የሚያስፈልጋችሁ በደረቁ ወራት ነው።

ማንጠልጠያ (መሐንዲስ፣ ደሴ)

ፕሮፎርማው ሲመጣ አንድ ነገር ተመልከቺ እህቴ። «ጋልቫናይዝድ» (ዚንክ የለበሰ) የሚል ቃል ብቻ ከሆነ መልሺው፤ የሚያብረቀርቀውም በዚያ ስም ይሸጣል። «ሆት ዲፕ ጋልቫናይዝድ፣ 8.8፣ ከነዳዶውና ከነሮንዴላው» ተብሎ ይጻፍ። ዕቃው ሲደርስም ከመፈረማችሁ በፊት ከየጥቅሉ አንድ አንድ ቡሎን ከዳዶው ጋር በእጅ እስከ መጨረሻው አሽከርክሩ፤ ያልገባው ጥቅል ወደ ሱቁ ይመለስ።